የጥንቱን ጠጅ በዛሬ ማር

ኅዳር ገብቷል። በመስከረምና በጥቅምት አበባ ላይ ስትመላለስ የከረመችው ንብ ሥራዋን አጠናቃ፣ ማር ቆራጩ ጭሱን ይዞ ወደ ቀፎው የሚጠጋበት ጊዜ ነው። በቢቸናና በሞጣ ገበያም የአዲስ ማር ወሬ የሚሰማው አሁን ነው። በጥር ልጅ የሚድር፣ ለገናና ለጥምቀት እንግዳ የሚጠብቅ፣ ክርስትና የሚያነሣ ሁሉ "ዘንድሮ ማሩ እንዴት ነው?" እያለ መጠየቅ ይጀምራል። ለጥር ሠርግ የሚሆን ማር በኅዳር ካልተያዘ በታኅሣሥ የተገኘውን መግዛት ይመጣል፤ የተገኘውን የገዛ ደግሞ የወጣለትን ይጠጣል።

በዚህ ሰሞን በብዙ ቤት የሚሰማ ንግግር አለ። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ቢቸና ላለችው እናቷ ትደውላለች። "እማዬ፣ ያንቺን ዓይነት ጠጅ ልጣል ብዬ ነው፤ ልኩን ንገሪኝ።" እናትም ትስቃለች። "ምን ልክ አለው ልጄ? አንድ እጅ ማር፣ ሦስት እጅ ውኃ፤ ጌሾውን እየቀመስሽ ነው።" ልጅ የተባለችውን ሁሉ ታደርጋለች። ጠጁ ይወጣል፤ ይጠጣልም። የእናቷ ጠጅ ግን አይደለም። ጥፋቱን አንዴ በጌሾው፣ አንዴ በቧንቧ ውኃው ታሳብባለች፤ በመጨረሻም "የእማዬ እጅ ነው" ብላ ትተወዋለች።

እጅ ከእጅ መለያየቱ እውነት ነው። ሆኖም ከእጅም፣ ከጌሾም፣ ከውኃም በፊት መታየት ያለበት ማሩ ነው። ልኩ አንድ ሆኖ ማሩ ሌላ ከሆነ ጠጁም ሌላ ነው። እናትየዋ በስልክ ልኩን ነገረች እንጂ ማሩን አልመረጠችም። እርሷ ገበያ ስትወጣ በዓይኗ፣ በአፍንጫዋና በምላሷ የምትሠራው ሥራ ከጠጁ ግማሹ ነው፤ ያን ግን "ልክ" ብላ ስለማትቆጥረው አትነግራትም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ስለማይነገረው ግማሽ ነው።

አምስት መቶ ዓመት የተመሰከረለት መጠጥ

ጠጅ በግእዙ "ሜስ" ይባላል። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አፄ ልብነ ድንግል በመጡ ጊዜ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ያየውን ጽፏል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከማር የተሠራው መጠጥ በእንስራ ተሞልቶ ከቤተ መንግሥት ለእንግዶች ሲላክ እናነባለን። ያ ዘመን ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ሩቅ አይደለም። በዚያው ትውልድ የነበሩት እቴጌ እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ናት።

ማር በዚያ ዘመንም ከዚያ በኋላም ለባለ ግዛት የሚገባ ግብር ነበር። ጠጅም እንደ ጠላ በየቤቱ የሚገኝ ሳይሆን የነገሥታትና የመኳንንት ማዕድ መጠጥ ነበር። ገበሬው ቀፎውን ይሰቅላል፤ ማሩን ያገባል፤ በቤቱ የሚጠጣው ጠላውን ነው። ዛሬ ለልጁ ሠርግ ጠጅ የሚጥል አባወራ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ማሩን ለጌታው ተሸክሞ የሚሄድ ነበር። ስለዚህ በየቤታችን የሚጣለው ጠጅ የድሮ ክብር ወደ ሕዝብ የወረደበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን የሚያውቅ ሰው በስኳር ውኃና በቀለም የተሠራ ነገር ብርሌ ውስጥ ሲያይ ቢከፋው አይፈረድበትም።

ፈረንጆቹ ከወይናቸው ጋር ያላቸው ጣጣ

የእኛን ችግር በደንብ ለማየት የሌላውን አገር ጥቂት እንመልከት። በአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ሰዎች "ሂፖክራስ" የሚሉት፣ በቅመም የተዘፈዘፈ የወይን ጠጅ ነበራቸው። አሠራሩ በጽሑፍ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1393 አካባቢ በፓሪስ አንድ በዕድሜ የገፉ ባል ለወጣት ሚስታቸው የቤት አያያዝ መምሪያ ጽፈው ነበር። በዚያ መጽሐፍ ከአትክልት አያያዝና ከወጥ አሠራር ጋር የሂፖክራስ አዘገጃጀትም አለ። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ስኳር፣ እንዲሁም የእኛ ኮረሪማ የቅርብ ዘመድ የሆነ የምዕራብ አፍሪካ ቅመም ይገባበታል። በዚያው ዘመን የተጻፈ የእንግሊዝ አሠራር ደግሞ ቅርንፉድና ጥምዝ ይጨምራል። የጎጃም ባልቴት የቅመም ሙዳይ ውስጥ አብዛኛው አለ ማለት ነው።

ዛሬ ይህን መጠጥ እንደገና ለመሥራት የሚሞክሩ ሰዎች ጽሑፉ በእጃቸው አለ፤ ቅመሙንም ከገበያ ያገኙታል። የሚቸግራቸው ወይኑ ነው። የዚያ ዘመን ወይን በመስታወት ጠርሙስ ታሽጎ ዓመታት የሚቀመጥ አልነበረም፤ በአብዛኛው በተጠመቀ በዓመቱ የሚያልቅ ለጋ መጠጥ ነበር። የዛሬው ቀይ ወይን ብዙው ደረቅ፣ አፍ የሚያስር፣ አንዳንዱም የአዲስ እንጨት በርሜል ጠረን ያለው ነው። ያን ጠረን በቀረፋና በቅርንፉድ ላይ ቢደርቡት መጠጡ የአናጢ ቤት ይሸታል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ውዱን ትተው ለጋውን፣ ቀለል ያለውንና በርሜል ያልነካውን ይመርጣሉ። ጽሑፉን እንዳለ ቢከተሉ እንኳ መሠረቱ ካልተመረጠ የጥንቱ ጣዕም እንደማይመጣ ገብቷቸዋል።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የእነርሱ አሠራር በወረቀት ላይ ሲቆይ የእኛ በእናቶች እጅ መቆየቱ ነው። የእነርሱ ወይን ተለውጧል፤ የእኛም ማር እየተለወጠ ነው።

ማራችን ምን ሆነ?

ማር ማለት አበባ ነው። በቀድሞው ጊዜ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ የኅዳርን ማር የሚሠራው የመስኩና የማሳው አበባ ነበር፤ አደይ፣ ማጌት፣ ኑግ፣ ባቄላ፣ በየወሰኑ ያለው ቁጥቋጦ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ገበሬው ዘርቷቸው ይበቅላሉ፤ አደይና ማጌት ግን ራሳቸው የሚበቅሉ ናቸው። ለንቧ ማዕድ የሆነው ነገር ለጤፍ ገበሬው አረም ነው።

አሁን ፀረ አረም መድኃኒት ገብቷል። ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው ቅጠለ ሰፊ አረምን ያጠፋል፤ ንብ የምትቀስመው አበባም አብዛኛው ከዚሁ ወገን ነው። ርጭቱ ንቡንም ጎዳ፣ አበባውንም ቀነሰ የሚሉ ንብ አናቢዎች ጥቂት አይደሉም። በጉልበት ማነስ የተቸገረ ገበሬ መድኃኒቱን ለምን ረጨህ አይባልም፤ አራሚው ልጅ ከተማ ገብቷል። በሌላ በኩል ባሕር ዛፉ በየኮረብታው ተተክሏል። የባሕር ዛፍ ማር መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ይሰጣል፤ ጠረኑ ግን የራሱ ነው። እናታችሁ በልጅነታቸው የቀመሱት የአደይና የማጌት ማር ከነበረ፣ ዛሬ ከባሕር ዛፍ ማር የሚወጣው ጠጅ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ያንኛው አይሆንም።

በዚህ ላይ ማጭበርበሩ አለ። ስኳር፣ ውኃ፣ ሙዝ፣ ዱቄት ሳይቀር ማር ውስጥ እየገባ መያዙን የማያውቅ ሸማች የለም። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ መንገዱ እንደ ልብ ስላልሆነ እናት ማሩን መርጣ፣ በገንቦ አሽጋ፣ ለልጇ የምትልክበት ልማድ ተቋርጧል። ልጅ ከማታውቀው ነጋዴ ትገዛለች። መራጯ ቢቸና፣ ገዢዋ አዲስ አበባ ሆኑ።

ገበያ ላይ

ታዲያ እንዴት ይመረጥ? በመጀመሪያ የማይጠቅሙትን መፈተኛዎች እናንሣ። ክብሪት በማር ነክሮ መጫር፣ ማሩን ውኃ ውስጥ ጠብ ማድረግ፣ ጉንዳን ይቀርበው እንደሆነ ማየት በየቤቱ ይወራሉ። ክብሪቱ የሚነግረን ማሩ ውኃ መያዝ አለመያዙን ነው፤ ያውም በግምት። ወፍራም የስኳር ሽሮፕም እንደ ማር ውኃ ውስጥ ወርዶ ይቀመጣል። በስኳር የተቀላቀለን ማር በእርግጠኝነት የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። በእነዚህ መፈተኛዎች ተማምኖ ሃያ ኪሎ መግዛት ራስን ማታለል ነው።

የረጋ ማርንም በከንቱ አንክሰሰው። "ስኳር ስለገባበት ነው የረጋው" ይባላል፤ ንጹሕ ማር በብርድ አገር ይረጋል። የኑግ ማር ደግሞ ቶሎ ከሚረጉት ነው። ቢቸናም ሞጣም ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ብርዳም ከተሞች ስለሆኑ እዚያ የረጋ ማር ማየት የተለመደ ነው። ይልቁንስ ነጋዴው ወለላ መስሎ እንዲታይለት እሳት ላይ ያጋለው ማር ያሳስብ። ማር በኃይል ሲጋል ጠረኑ ይጠፋል፤ በውስጡ ያለው እርሾም ይሞታል።

የሚጠቅሙት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ "መቼ ተቆረጠ?" ብላችሁ ጠይቁ። ዋናው ማር የጥቅምትና የኅዳሩ ነው፤ ሁለተኛው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይቆረጣል። የሁለቱ አበባ የተለያየ ስለሆነ ጣዕሙም የተለያየ ነው። የእናታችሁ ጠጅ የኅዳር ማር ከነበረ የግንቦቱ አያመጣውም።

ሁለተኛ፣ "ከየት ነው?" በሉ። ከጮቄ ሥር ከሚገኘው ደጋ የመጣ ማርና ከዓባይ በረሃ የወጣ ማር አንድ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። የደጋው የመስክ አበባ ነው፤ የበረሃው የግራርና የቆላ ቁጥቋጦ ነው። ቁልቋል የበዛበት አገር ማር ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ይህ ማር ጠጅ ውስጥም ቢገባ ማቃጠሉን አይተውም። ሻጩ አገሩን ካላወቀ ወይም ከተለያየ ቦታ ሰብስቦ ደባልቆት ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ማር ልታገኙት አትችሉም።

ሦስተኛ፣ አሽትቱት። የጎመዘዘ ወይም እንደ ጠላ የሚሸት፣ ላዩ አረፋ የያዘ ማር ውኃው በዝቶ በራሱ መፍላት ጀምሯል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በአብዛኛው ማር ውስጥ ውኃው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ሳይበስል የተቆረጠ ማር ከዚህ ያልፋል። ጠጅ ውስጥ ሲገባም "አንድ ለሦስት" ያላችሁት ውኃው ሳታውቁት ከዚያ ይበልጣል፤ ጠጁ ይቀጥናል።

አራተኛ፣ ቅመሱት፤ ግን አትቸኩሉ። በማንኪያ ጫፍ ወስዳችሁ አፍ ውስጥ አቆዩት። ንጹሕ ማር መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ከዚያ አበባው ይመጣል፤ ከተዋጠ በኋላም ጉሮሮ ላይ አንድ ነገር ይተዋል። የስኳሩ ጣፋጭነት ወዲያው መጥቶ ወዲያው ይጠፋል። ይህ ላቦራቶሪ አይተካም፤ በዓመታት የሠለጠነ ምላስ ግን ብዙ ይለያል። እዚህ ላይ ነው የባለሞያ እናት ዋጋዋ።

አምስተኛ፣ ለጠጅ ሲሆን ከነሰፈፉ ያለውን ያልተጣራ ማር አትናቁ። ለዳቦ የምትፈልጉት ጥርት ያለ ወለላ ለጠጅ የግድ አይደለም። በሰፈፉና በአበባው ዱቄት ውስጥ ያለው እርሾና ጠረን ለጠጁ ይጠቅመዋል። ዋጋውም በአብዛኛው ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው ምረጡ። በየዓመቱ ከአንድ ንብ አናቢ፣ ከአንድ ቀበሌ መግዛት ከመቶ መፈተኛ ይበልጣል። ገበሬውም ደንበኛ እንዳለው ካወቀ የቀፎውን ዙሪያ ሳይረጭ ይተዋል፤ አደዩም ይተርፋል።

አጣጣሉ

አጣጣሉን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ እንዳይዘለል ብቻ በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። እንስራው ወይም ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራና በጌሾ እንጨት ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ይበረዛል፤ ጠንከር ያለ የሚፈልግ ለሁለት ያደርገዋል። የከተማ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው እርሾውን ያዳክማል፤ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ወይም ክዳኑን ከፍቶ ማሳደር ይበጃል። ብርዙ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ላዩ ላይ የሰፈረው ሰፈፍና ገለባ ይገፈፋል።

ከዚያ ጌሾው ይገባል። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ ነው። ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ እንጨት ጌሾው በእርሱ ይፈላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ቀሪው ይመለሳል። በየቀኑ ይማሰላል። ምሬቱ ሲበቃ እንጨቱ ይወጣል፤ ይህን የሚወስነው ምላስ እንጂ የቀን መቁጠሪያ አይደለም። ሙቀት ባለበት አገር በአምስት ስድስት ቀን ይደርሳል፤ በብርድ አገር ከስምንት ቀን እስከ ሃያ ቀን ይፈጃል። የቢቸናዋ እናት "ሁለት ሳምንት" ያለችውን የባሕር ዳሯ ልጅ እንዳለ ከወሰደች ጠጁ ያልፍባታል። በመጨረሻ በጨርቅ ይጠለላል፤ አምቡላው ይቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በመስታወት ጠርሙስ ተሞልቶ ግጥም ተደርጎ አይዘጋ። የሚወጣው አየር መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል፤ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። የዘይት ወይም የኬሚካል የነበረ ጀሪካንም ለጠጅ አይሁን።

ውጭ አገር ላላችሁ ልጆችም ሐሳቡ አንድ ነው። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው እንደ መስታወት የጠራ ማር ብዙ ጊዜ የተጋለና የተጣራ ነው። ያልጋለ ማር ከንብ አናቢዎች መግዛት ይቻላል። የጎጃም አደይ እዚያ ስለሌለ የአያታችሁን ጠጅ አትጠብቁ፤ የምትኖሩበትን አገር አበባ ጠጅ ግን በክብር ልትጥሉ ትችላላችሁ።

ቅመሙስ?

በጠጅ ውስጥ ከጌሾ ሌላ ቅመም የሚጨምሩ ባለሞያዎች አሉ። ዝንጅብል፣ ኮረሪማ ወይም ቅርንፉድ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ሁሉን ጋን ከማጣጣም በትንሽ ገንቦ ለይቶ ቢሞክር ይሻላል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ቅመም ጥሩውን ማር ያደምቃል፤ መጥፎውን ግን አይሸፍንም። ማሩ ደካማ መሆኑን ዐውቆ ቅርንፉድ የሚያበዛ ሰው የተበላሸ ሥጋ ላይ በርበሬ እንደሚያበዛ ነው።

በበዓል ስጦታ የመጣ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ካለና ልጆቹ የፈረንጁን የቅመም ወይን እንሞክር ካሉም መንገዱ ያው ነው። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ። ለብዙ ጊዜ በበርሜል የቆየ የሚለውን ለምግብ አስቀምጡት። ከአገር ውስጦቹ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ያለው እንደ አካሺያ ያለው ቀይ ይቀልላል፤ ጣፋጭ ስለሆነ ማሩን ቀንሱለት። እንደ ጉደር ያለውን የመረጠ ደግሞ ማሩን እየቀመሰ ያስተካክለው። ለአንድ ጠርሙስ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ኮረሪማ ገርደፍ ተደርጎ፣ አንድ ጥምዝ፣ ቁራጭ ዝንጅብል ይበቃል። አታፍሉት፤ ሸፍናችሁ አሳድሩትና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። "ሂፖክራስ" የሚለው ስም ራሱ ሂፖክራጥስ በተባለው የግሪክ ሐኪም ስም ከሚጠራ የጨርቅ ማጥለያ የመጣ ነው፤ ጠጅ የምታጠልል እናት ያን ጨርቅ ብታይ አይገርማትም።

ለሕፃኑና ለአያቱ

ጠጅ ውኃ አይደለም። አልኮሉ በአብዛኛው ከ7 እስከ 14 በመቶ ይደርሳል፤ ከቢራ ይበልጣል። ጣፋጭነቱ ስለሚሸፍነው ሰው ሳያውቀው ያልፋል። ለልጆች የሚገባቸው ያልፈላው ብርዝ ነው፤ እርሱም በዚያው ቀን ተበርዞ በዚያው ቀን ይጠጣ፤ ከዋለ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር በምንም መልኩ አይሰጥ፤ ለምላሱ ጫፍም ቢሆን። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ተሕዋስ በሕፃናት አንጀት ውስጥ አድጎ ሰውነት የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። አዲስ ለተወለደ ልጅ ማር ማቅመስ የቆየ ልማድ ያለባቸው ቤቶች ይህን አጥብቀው ይያዙት።

ነፍሰ ጡር እናት ጠጅ አትጠጣ። የስኳር ሕመም ያለባቸው አያቶች፣ ወይም ለደም ግፊትና ለሌላ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ፣ "የማር ስለሆነ አይጎዳም" የሚለውን ምክር አይስሙ፤ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ባለሞያዋ እናት ራሷ መጠጣት ባትችል ቀምሳ መትፋት ትችላለች፤ የማር ምርጫው ላይ ግን እርሷ ብትኖርበት ይመረጣል።

ምላስ ለማን ይወረሳል?

"ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" እንላለን። ብርሌው በየሱቁ አለ፤ ጌሾውም አይጠፋም። ልኩም በስልክ ይነገራል። በስልክ የማይሄደው፣ ማሩን አፏ ውስጥ አቆይታ "ይህ የኅዳር ነው፤ ያኛው ግን ባሕር ዛፍ በዝቶበታል" የምትለው ሴት ዕውቀት ነው። ያ ዕውቀት በእርሷ ዕድሜ ልክ የተሰበሰበ ነው፤ በአንድ ድግስ ሰሞን አይማሩትም። አበባው ደግሞ በዓመት በዓመቱ እየተለወጠ ስለሆነ የቀድሞውን ማር ጣዕም የሚያስታውስ ምላስ ከሌለ የጠፋውን ነገር የሚያውቅም አይኖርም። በስኳር የተሠራውን ጠጅ የለመደ ትውልድ "ጠጅ ማለት ይህ ነው" ብሎ ይቀራል።

ስለዚህ አያቶች ሆይ፣ ዘንድሮ ማር ስትገዙ የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሦስት ዓይነት ማር በሦስት ማንኪያ አቅምሷት፤ የቱ እንደሚሻል ከመናገራችሁ በፊት ምን እንዳገኘች ጠይቋት። ቢቸናና ሞጣ መሄድ ያልቻለ ቤተሰብ ከሦስት ሻጮች ሩብ ሩብ ኪሎ ገዝቶ ቤት ውስጥ ያድርገው። እናት ሩቅ ከሆነች ከመረጠችው ማር አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሰው ሲመጣ ትላክ፤ ልጅ እርሷን ይዛ ገበያ ትውጣና የሚመስላትን ትፈልግ። ከቃል ይልቅ ብልቃጧ ታስተምራለች።

ልጆችም አንድ ደብተር ያዙ። ማሩ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ፣ ማን እንደሸጠው፣ ስንት እጅ ውኃ እንደገባ፣ በስንተኛው ቀን ጌሾው እንደወጣ፣ እማማ ቀምሰው ምን እንዳሉ ጻፉ። "ቀጥኗል" ካሉ ቀጥኗል ብላችሁ ጻፉ፤ "የእናቴን መሰለኝ" ካሉ ቀኑን አስምሩበት። የፓሪሱ ሽማግሌ ለሚስታቸው የጻፉት መጽሐፍ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላም የሚነበበው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የቤቱን ነገር ስለጻፈ ነው። የእኛ እናቶች ዕውቀት ከዚያ አያንስም፤ የጎደለው ጸሐፊ ነው።

የአዲሱን ማር በጤና ቀምሳችሁ፣ የጣላችሁትን በደስታ የምታጠልሉበት ወራት ይሁንላችሁ። ሳምንት እንገናኝ።